ሰባት መትቶ አምስት ማለት

ጎልፍ ተጫውቶ ከሜዳ ሲወጣ «ዛሬ ምንም አልተማርኩም» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እግር ኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይወጣል፤ ቦክሰኛ ጥርሱን በመሐረብ ቋጥሮ ይወጣል፤ ጎልፈኛ ግን ሁልጊዜ ትምህርት ይዞ ነው የሚወጣው። ትዕግሥት ተማርኩ ይላል። ትሕትና ተማርኩ ይላል። ያለፈውን ምት መርሳት ተማርኩ ይልና ያለፈውን ምት ግማሽ ሰዓት ያወራልሃል። እኔ በምኖርበት በዋሺንግተን አካባቢ መጻሕፍት መደብር ገብቶ የጎልፉ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው፣ ስለ ዱላ አያያዝና ስለ ነፍስ አያያዝ የተጻፉትን ጎን ለጎን ተደርድረው ያገኛቸዋል።

ሌላው ስፖርት ይህን ያህል ሰባኪ ያላፈራው ለምንድን ነው? እንደኔ ግምት ምክንያቱ ትርፍ ጊዜ ነው። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ለመጨረስ አራት ሰዓት ግድም ይፈጃል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዱላው ኳሱን የሚነካበት ጊዜ ቢደማመር አንዲት ሰከንድ አይሞላም። የቀረው መራመድ፣ መቆም፣ ሣር ውስጥ ኳስ መፈለግና ከራስ ጋር ማውራት ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ከራሱ ጋር የተተወ ሰው ወይ ይጸልያል ወይ ይሳደባል። ጎልፈኛ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ትንፋሽ።

ይህን የማውቀው ከአጎቴ ነው። እኔማ ዱላ የምነካው የጋሼን ከረጢት ስሸከም ብቻ ነው።

ጋሼ ዕድሜውን በዋሺንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የልብ ሐኪሙ «በየቀኑ ተራመድ» ያለው ዕለት ተናዶ መጣ። «ወዴት ብዬ ብጠይቀው ወዴትም አለኝ!» ያለ ጉዳይ የሚዞር ሰው ጋሼ ባደገበት አገር ወይ ወፈፌ ነው ወይ ሰላይ። ጎልፍ ይህን ችግር ፈታለት። እማዶ ባንዲራ ተተክሏል፤ ከባንዲራው ሥር ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ባንዲራ ይታየዋል። አሁን ጎረቤት «ወዴት ነው?» ቢለው «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ውሸትም የለበት።

ዱላ ሲያነሳ የጎልፍ አስተማሪ ቢያየው ያለቅሳል። ጋሼ በልጅነቱ ሰሜን ሸዋ ገና ሲጫወት ያደገ ነው፤ እጁ የሚያውቀው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና ከእንጨት የተጠረበ ሩር ነው። የጎልፉንም ኳስ ዛሬ ድረስ ሩር ነው የሚለው። እረኞች የጌታን ልደት ሲሰሙ በደስታ የተጫወቱት ነው ተብሎ ስለሚነገር፣ በዱላና በኳስ መካከል እምነት መግባቱ አልገረመውም። በዚያ ቀን ጌታም በሎሌው እንደማይቆጣ ያውቃል፤ ሩር የሳተ ዱላ የባላባት ቅልጥም ቢያገኝ ይቅርታው አስቀድሞ የተሰጠ ነው። ጎልፍ ላይ የከበደው ሌላ ነው። በገና ሩሩ አንድ፣ ተፋላሚው ብዙ ነው፤ ሩሩ ቢጠፋ ያጠፋው ሰው አይታጣም። እዚህ ግን ኳሱ የራስህ፣ ዱላው የራስህ፣ የመታኸውም አንተ። «የምጮህበት ሰው ምነው አጣሁ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ኳሱን ኩሬ ውስጥ ከጨመረ በኋላ ዙሪያውን እየተመለከተ። እኔን ሲያይ ፊቱ ትንሽ በራ።

የሚጫወተው ከአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ፣ ላንግስተን በሚባለው ሜዳ ነው። የመረጠውም ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። ታሪኩን የሰማው ኋላ፣ እዚያው ከሚጫወቱ ጥቁር አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ነው። በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) በዋሺንግተን ጥቁር ጎልፈኛ ደህና ሜዳ አያገኝም ነበር። በ1937 ዌክ ሮቢን የተባለ የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክበብ ተቋቋመ፤ እነዚህ ሴቶች ሮያል ከተባለው የወንዶች ክበብ ጋር ሆነው መንግሥትን ወተወቱ፤ በ1939 ላንግስተን በዘጠኝ ጉድጓድ ተከፈተ። ሌላው ዘጠኝ እስኪጨመር 1955 ደረሰ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር አባልነት ለነጭ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በደንቡ ነበረው፤ የተሰረዘው በ1961 ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰማ ጥቂት አሰበና «ጃንሆይ በ54 አሜሪካ ሲመጡ ለመመዝገብ ቢፈልጉስ ኖሮ?» አለ።

«አይመዘግቧቸውም ነበር ጋሼ።»

«ሞዐ አንበሳን?»

ያን ቀን ኳሱን የመታው እንደ ወትሮው አልነበረም። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ያየው ይመስለኛል።

እሑድ እሑድ ጋሼ አይጫወትም፤ ቅዳሴ አለ። አብረውት የሚጫወቱት ደግሞ እሑድን ከማንኛውም ቀን ይወዱታል። እኔም መጀመሪያ የባህል ልዩነት መስሎኝ ነበር። ነገሩን ሳነብ ግን ጎልፍና ሰንበት የተጣሉት ገና ጨዋታው በተወለደበት አገር ሆኖ አገኘሁት። በስኮትላንድ በ1457 ፓርላማው ጎልፍንና እግር ኳስን በአዋጅ ከለከለ፤ ምክንያቱ ሰዉ ቀስት መለማመዱን ስለተወ ነው። ያ የጦር ሚኒስትር ክርክር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗ የራሷን ክርክር ይዛ የመጣችው ቆይታ ነው። በ1604 ፐርዝ በምትባል ከተማ በሰንበት ጎልፍ ሲጫወቱ የተገኙ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን፣ በምእመናን ፊት፣ የንስሐ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተፈርዶባቸዋል። ቅድመ አያቶቻቸው እንዲህ የተገሠጹ ሕዝቦች ዛሬም አልረሱትም። ዓለም የጎልፍ ኢየሩሳሌም አድርጎ በሚያየው በሴንት አንድሩስ፣ ኦልድ ኮርስ የተባለው ጥንታዊ ሜዳ እሑድ ይዘጋል። ዝግ ነው ማለቴ ለጎልፍ ነው እንጂ የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ፣ ልጁን በጋሪ እየገፋ ሲንሸራሸርበት ይውላል። ለረጅም ዘመን የሜዳው ጠባቂ የነበረው ቶም ሞሪስ፣ ተጫዋቾቹ ሰንበትን ማረፍ ባይፈልጉ እንኳ ሜዳው ማረፍ ይፈልጋል ይል ነበር ይባላል። ሰውየው በከተማው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር።

ጋሼ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ትንሽ ቢገፉበት ኖሮ እኮ ተዋሕዶ ይሆኑ ነበር።»

የሜዳውን ካርታ ያየ ሰው ስብከት የሚያነብ ይመስለዋል። በኦልድ ኮርስ አሥራ አራተኛው ላይ ሦስት ሜትር ያህል የሚጠልቅ የአሸዋ ጉድጓድ አለ፤ ስሙ ሲኦል ነው። መጨረሻው ጉድጓድ፣ አሥራ ስምንተኛው ፊት ያለው ረባዳ ደግሞ የኃጢአት ሸለቆ ይባላል። አሜሪካኖቹም በበኩላቸው የማስተርስ ውድድር በሚካሄድበት በኦገስታ 11ኛውን፣ 12ኛውንና 13ኛውን ጉድጓድ አንድ ላይ የአሜን ማዕዘን ይሏቸዋል። በሲኦሉ የወደቀው ተራ ሰው ብቻ እንዳይመስልህ። ጃክ ኒክላውስ፣ አሥራ ስምንት ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ሰው፣ በ1995 እዚያ ገብቶ ለመውጣት ብቻ አራት ጊዜ መትቷል፤ ጉድጓዱን የጨረሰው በአሥር ምት ነው። ይህን ወሬ ጋሼ ከየትኛውም የቅዱሳን ገድል ባልተናነሰ ደስታ ነው የሚያወራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ቁጥሩ።

በጎልፍ ፊሽካ የያዘ ዳኛ አይከተልህም። ስንት እንደመታህ የምትቆጥረው አንተ ነህ፤ ጥሻ ውስጥ ማንም ሳያይህ ኳሷን በጫማህ ጫፍ ገፋ ብታደርጋት የምትከሰው ራስህን ነው። ለመምታት ሰንዝረህ አየሩን ብቻ ብትቀዝፍ እንኳ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሰው ደግሞ ሰው ነውና መውጫ ቀዳዳ አበጅቷል። መጀመሪያዋ ምት ከተበላሸች እንደገና ትመታለህ፤ የፊተኛዋ እንዳልነበረች ይሆናል። ሙሊጋን ይሉታል። የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ አያውቀውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ጋሼ መጀመሪያ ጊዜ «ሙሊጋን ውሰድ» ሲባል ግራ ገባው።

«ማን ፈቀደው?»

«እኛው ነና።»

«ለማን?»

«ለራሳችን።»

«ካህን በሌለበት?» አለና ኳሱን ሊፈልግ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወስዶ አያውቅም። ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ይቆጥራል፤ «ስድስት… ሰባት… ተመስገን፣ ስምንት።» አብረውት የሚጫወቱት ጸሎት መስሏቸው ባርኔጣቸውን የሚያነሱበት ጊዜ አለ። አንዱ የረር ሠፈር ልጅ የነበረ ወዳጁ ግን ሰባት መትቶ «አምስት» ማለት ልማዱ ነው። ጋሼ በአደባባይ አይገሥጸውም። ዝም ብሎ ሁለት ጣቱን ያነሳለታል፤ የጎደሉትን ሁለቱን። ሰላም የሚመኝለት የሚመስለው ብዙ ነው።

በዚህ ነገር ጋሼ የሚያከብረው ፈረንጅ አንድ ነው፤ ቦቢ ጆንስ። ጆንስ በወጣትነቱ ግልፍተኛ ነበር። በ1921 ኦልድ ኮርስ ላይ አሸዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ሲለው ኳሱን አንሥቶ ራሱን ከውድድሩ አስወጥቷል። በ1925 ግን በአሜሪካ ኦፕን ረጅም ሣር ውስጥ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ንቅንቅ አለች። ማንም አላየም። ዳኞቹ ቢጠይቁ ምስክር አላገኙም፤ ፍርዱን ለራሱ ተዉለት። እሱም አንድ ምት በራሱ ላይ ጨመረ። በመጨረሻ ከአንድ ሰው ጋር እኩል ወጣ፤ በመለያው ተሸነፈ። ያቺን አንዲት ምት ባይጨምራት ኖሮ መለያም አያስፈልግም ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት፣ ባንክ ስላልዘረፍኩም አመስግኑኛ የሚል መልስ እንደሰጣቸው ይነገራል።

ለጋሼ ይህ ኑዛዜ ነው። እኔም በዚህ ላይ እስማማለሁ። የጎልፍና የእምነት ዝምድና ካለ የሚገናኙት እዚህች ቦታ ላይ ይመስለኛል፤ ማንም ባላየው ነገር ላይ አፍ አውጥቶ «አንድ» ማለት። ሌላው ሁሉ፣ ያ ትዕግሥቱና ትሕትናው፣ ለታክሲ ነጂም ለሸማኔም ያው ነው።

የጋሼ ባለቤት አክስቴ በሕይወት ሳለች ማታ ሲገባ ታስለፈልፈው ነበር።

«ዛሬስ ማንን አሸነፍክ?»

«ማንንም። የምጫወተው ከራሴ ጋር ነው።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«ተሸነፍኩ።»

«እንግዲያው አሸናፊውን ጥራውና እራት ይጋብዘን!»

የጎልፍ ሰባኪዎቹ ስለ መከራ ሲያነሱ በጎልፈኛው በቤን ሆጋን ነው የሚጀምሩት። አልፈርድባቸውም፤ ታሪኩ ለስብከት በልክ የተሰፋ ነው። ሆጋን ድሃ ያደገ፣ በዘጠኝ ዓመቱ አባቱን በክፉ አሟሟት ያጣ፣ ጋዜጣ የሸጠ፣ የሰው ከረጢት የተሸከመ ልጅ ነው። ስሙ በገነነ ሰዓት፣ በየካቲት 1949፣ ቴክሳስ ውስጥ አውቶብስ መኪናውን ፊት ለፊት ገጨው። እሱ ሚስቱን ለማዳን ተወርውሮ በላይዋ ወደቀ፤ ይህ ነገር የእሱንም ሕይወት አተረፈ ይባላል። ዳሌውና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ይራመድ ይሆን ወይ ተባለ። በአሥራ ስድስተኛው ወር እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ የ1950ውን የአሜሪካ ኦፕን አሸነፈ። ለኔ የሚጥመኝ ሰባኪዎቹ የሚዘሏት ቁራጭ ናት። ቅዳሜ ሠላሳ ስድስት ጉድጓድ በዚያ እግሩ ተጫውቶ ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ወጣ፤ መለያው እሑድ ዋለ። በፔንስልቬንያ የሰንበት ሕግ ምክንያት እሑድ ጨዋታ መጀመር የሚቻለው ከሰዓት በኋላ ነበር። የሆጋን እግር ግማሽ ቀን ዕረፍት ያገኘው በዚህ ነው። ጋሼ ይህችን ሲሰማ ጭኑን በጥፊ መታ። «ሰንበትን ያከበረ!» አለ፤ ያከበረችው ፔንስልቬንያ መሆኗን ልነግረው ሞክሬ ነበር።

ችግሩ ሁሉም ታሪክ እንደ ሆጋን አያልቅም። የዚያ የሜዳ ጠባቂ የቶም ሞሪስ ልጅ፣ ቶሚ፣ ከ1868 እስከ 1870 የብሪታንያን ኦፕን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ስላሸነፈ የሽልማቱን ቀበቶ ለዘለቄታው ወሰደ። ሽልማት በማጣት በ1871 ውድድሩ አልተካሄደም፤ በ72 ሲመለስ ያው እሱ አሸነፈ። በመስከረም 1875 አባትና ልጅ ኖርዝ በርዊክ ላይ ከሁለት ወንድማማቾች ጋር ሲጋጠሙ ቴሌግራም መጣ፤ የቶሚ ሚስት ምጥ ጠንቶባት ታማለች። በጀልባ ባሕሩን አቋርጠው ሴንት አንድሩስ ቢደርሱ እናትም ልጅም አልነበሩም። ቶሚ በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ በ24 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሜዳውን ጠበቀ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመ፣ የቀሩትን ልጆቹንም ቀበረ።

ከዚህ ምን ትምህርት እንደሚወጣ ጎልፈኛ ሰባኪን ጠይቄ ነበር። «ጽናት» አለኝ። ልክ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሽማግሌው ግን በጽናቱ የተመሰገነ ሳይሆን ልጁ የተመለሰለት ይመርጥ እንደነበር ለመገመት ጎልፍ ማወቅ አያስፈልግም።

አክስቴ ያረፈች ጊዜ ልቅሶ ቤት የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ጎልፈኞቹም መጡ። ከመካከላቸው ብዙ ያነበበ አንድ ወዳጃችን ጋሼ አጠገብ ተቀምጦ የዚያኑ የቦቢ ጆንስን ነገር አነሳ። ጆንስ በኋለኛ ዘመኑ ኅብለ ሰረሰሩን በሚጎዳ በሽታ ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲኖር፣ ኳስን ባለችበት ቦታ መምታት ነው እንጂ ምን ይደረጋል ይል ነበር ይባላል። ወዳጃችን ይህን በጥሩ አማርኛ ተረከና ሲያበቃ «እና ጋሼ፣ ሕይወትም እንደዚያው ነው። ኳሷን ባለችበት መምታት ነው» አለ።

ጋሼ ቀና ብሎ አየው። «እሷ ኳስ አይደለችም» አለ።

ሌላ አልጨመረም። ሰውየውም ክፉ አልነበረም፤ ጋቢውን አስተካክሎ ዝም አለ፤ ወጥቶም ቡና አፍልተው ለሚያቀርቡት ሲኒ ሲያመላልስ አመሸ። ያ ሲኒ ማመላለሱ ከተናገረው ሁሉ የሚበልጥ ማጽናኛ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የዚያን ክረምት ከረጢቱ ምድር ቤት ተቀመጠ። በጸደይ አንድ ጠዋት ደውሎ «ና ተሸከም» አለኝ። ጎልፍ አጽናናኝ የሚል ነገር እጠብቅ ነበርና በመኪና ስንሄድ ለምን ለመመለስ እንደወሰነ ጠየቅሁት።

«ሐኪሙ ተራመድ ብሎኛል እኮ» አለ።

ከዚያ በኋላ ነው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች «እምነትና የዕለት ኑሮ» በሚል ጉባኤያቸው ላይ እንዲናገር የለመኑት። አባባ ጎልፈኛ ናቸው፤ ሚስታቸውን አጥተዋል፤ ቅዳሴ አያስታጉሉም፤ ከዚህ የተሻለ ተናጋሪ ከየት ይመጣል? አዳራሹ ሞላ። መድረክ መሪዋ ልጅ ማይክሮፎኑን አስተካክላ «አባባ፣ ጎልፍ ለመንፈሳዊ ሕይወትዎ ምን አስተማረዎት?» ብላ ጠየቀች።

«ሰባት መትቼ አምስት አለማለት።»

ልጆቹ ብዕራቸውን እንደያዙ ጠበቁ። ጋሼም ጠበቃቸው።

«ሌላስ አባባ?»

«ሌላውን ቄሱ ይንገሯችሁ፤ ደመወዛቸውን የሚበሉት በዚያ ነው።»

ከሁሉ ይበልጥ የሳቁት ቄሱ ናቸው። የረር ሠፈሩ ወዳጃችን ግን ፊት መስመር ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

አሁን ጋሼ ስኮትላንድ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ኦልድ ኮርስ ላይ ለመጫወት ዕጣ መግባት እንደሚያስፈልግና ዋጋውም እንደማይቀመስ ሳስረዳው ሳቀብኝ። የሚሄደው እሑድን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ሜዳው ለጎልፍ ዝግ፣ ለመንገደኛ ነፃ በሚሆንበት ቀን። ገንዘብም አይከፈልም፣ ሰንበትም አይሻርም። ዕቅዱን በዝርዝር ይዞታል። ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ በፍርስራሹ ካቴድራል ግቢ የተቀበሩትን ሽማግሌውን ቶምንና ልጁን ይሳለማል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አሥራ አራተኛው። ሲኦል ውስጥ ወርዶ ፎቶ መነሣት አለበት። ፎቶውን ለነፍስ አባቱ ያመጣላቸዋል፤ እዚያ ገብቶ የተመለሰ ምእመን በደብራቸው እንደሌለ እርግጠኛ ነው።

«ጋሼ፣ ጥልቀቱ እኮ ሦስት ሜትር ነው» አልኩት። «በዚያ ጉልበትህ ከገባህ አትወጣም።»

«ታዲያ አንተን የምወስድህ ለጉብኝት መስሎሃል?»